8 ወር ቆሞ የከረመው ጄኔሬተር ያስተማረኝ

በሞተርሆማችን፣ ማለትም እንደ ቤት በምናድርባት መኪናችን፣ ተጉዘን ማረፊያችን ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሙቀቱ ግን አልበረደም። ልጆቹ ከኋላ እንቅልፍ ጥሏቸዋል፤ ባለቤቴ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ምግብ እንዳይበላሽ ትጨነቃለች። እኔ በጄኔሬተሩ ተማምኜ ስለነበር ምንም አላሳሰበኝም። ማስነሻውን ተጫንኩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዞረ፣ ሞተሩም ተነሳ። ከዚያ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ኤሲውን (አየር ማቀዝቀዣውን) ሳበራ ጭራሽ ቀጥ አለ። ደግሜ አስነሳሁት፤ ደግሞ ጠፋ። ያን ሌሊት መስኮቱን ከፍተን፣ ልጆቹን በእርጥብ ፎጣ እያበረድን አደርን።

ሞተርሆማችን ከዚያ ጉዞ በፊት 8 ወር ያህል ቆማ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ጎማዋን፣ ፍሬኗንና የመኪናዋን ሞተር በደንብ አስፈትሼ ነበር። ጄኔሬተሩን ግን «ብዙም ስላልሠራ ምን ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የሞተርሆም ጄኔሬተር ከሥራ ብዛት ይልቅ መቀመጥ ይጎዳዋል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ።

በማግስቱ እዚያው ያረፉ፣ ዕድሜያቸውን በሞተር ሥራ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ድምፁን ሰምተው መጡ።

«ስንት ወር ቆመ?» አሉኝ።

«ስምንት ወር ገደማ፣ ጋሼ።»

«ቤንዚኑስ?»

«ያው የድሮው ነው። ላዩ ላይ ትንሽ ጨመርኩበት።»

«ሞተሩ ደህና ነው ልጄ። ያመመው የበላው ነው» አሉኝና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

መጀመሪያ ያሠሩኝ ነገር የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ማላቀቅ ነበር። የሞተርሆም ጄኔሬተር ከውስጥ ሆኖ በቁልፍ ይነሳል። አንዳንዱማ ባትሪ ሲወርድ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሳል። እጃችሁ ውስጥ እያለ ቢነሳ ጣት ይወስዳል። ስለዚህ ሥራው ምንም ያህል ቀላል ቢሆን ኔጋቲቩን ሳታላቅቁ አትንኩት። ነዳጁንም ዝጉ፤ ሞተሩም ይብረድ። እሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይኑር።

ከዚያ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር አወረዱና ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ፈቱ። ወለሏ ላይ ቡናማ፣ እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር ተጋግሯል። ሽታው የቤንዚን አይደለም፤ የከረመ ቀለም ይሸታል። ከመሀል አንዲት የነሐስ ብሎን የምትመስል ነገር ፈትተው አወጡ። መሀሏ ላይ ነዳጅ የሚሾልክበት ቀጭን ቀዳዳ አለ። በአንድ ዓይናቸው ወደ ብርሃን አይተው ለኔ ሰጡኝ። እኔም አየሁ። ምንም ብርሃን አያሳልፍም።

ከአሮጌ ገመድ ውስጥ አንዲት ፀጉር የምታህል የመዳብ ሽቦ መዘው ቀዳዳውን በቀስታ ጠረጉት። «መርፌ እንዳታስገባበት» አሉኝ። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ቀዳዳው ከሰፋ ደግሞ ነዳጁ ይበዛና ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያጨሰ ቤንዚን ይፈጃል። የካርቡራቶር ማጽጃ ከረጩበት በኋላ እንደገና ወደ ብርሃን አነሱት። አሁን የነጥብ ያህል ብርሃን ታየ። ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣን የዚያች ነጥብ መደፈን ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሲቀመጥ ቀላል የሆነው ክፍሉ ይተናል። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ካርቡራቶር ውስጥ የሚቀረው ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል፤ በሙቀት ጊዜማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ቀዳዳው ሲጠብ ሞተሩ ከነዳጁ ይልቅ አየር ይበዛበታል። ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ያለጭነት እንደምንም ይዞራል፣ ጭነት ሲመጣ ግን አቅም ያጣል። ይህን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም። አንዳንድ አዳዲስ ካርቡራቶሮች ግን እንዲፈቱ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። እንዲህ ያለ ከሆነ ታግሎ ከመስበር ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ማሠራት ነው። በሞተርሆሞች ላይ በብዛት ከሚገጠሙት ጄኔሬተሮች አንዱን የሚሠራው ኦናን፣ ጄኔሬተሩ በወር አንዴ ቢያንስ በግማሽ ጭነት ለ2 ሰዓት ያህል እንዲሠራ ይመክራል። ባለ 4000 ዋት ከሆነ 2000 ዋት አካባቢ ይሸከም ማለት ነው። ኤሲው ከአንድ ትንሽ ማሞቂያ ጋር ይበቃል። ብዙ ሰው ግን አስነስቶ 10 ደቂቃ ያዞረውና «አሠራሁት» ይላል። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማደርገው። አጭር ሩጫ ሞተሩን በደንብ አያሞቀውም። ውስጡ የተጠራቀመው እርጥበት አይወጣም፤ እንዲያውም ይጨምራል። 2 ሰዓት ሙሉ በጭነት ሲሠራ ግን እርጥበቱ ይተናል፣ ዘይቱ ሁሉም ቦታ ይደርሳል፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው አሮጌ ቤንዚን ተቃጥሎ በአዲስ ይተካል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል ውስጥ ካርቦን የሚነካካባቸው ቀለበቶች ካሉም ዝገታቸው ይጠረጋል።

ካርቡራቶሩ ከጸዳ በኋላ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። ጄኔሬተሩ አሁን ቆንጆ ይነሳል፣ ጭነትም ይሸከማል። ግን 40 ደቂቃ ገደማ ሠርቶ ሲግል ነዳጅ እንዳለቀበት ያዳክመውና ይጠፋል። ቀዝቅዞ ደግሞ ይነሳል። የነዳጅ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ፓምፑን ልቀይር ስል አዛውንቱ ከለከሉኝ። «ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ችግሩ ያለበትን ቦታ ለይ» አሉኝ።

እንዴት እንደለየነው ላሳያችሁ። ከታንከሩ የሚመጣውን ጎማ ቱቦ ከጄኔሬተሩ ነቀልን። በምትኩ አጭር አዲስ ቱቦ አደረግንና ጫፉን ንጹሕ ቤንዚን ያለባት ትንሽ ጀሪካን ውስጥ ከተትነው። ይህ ሜዳ ላይ፣ ጀሪካኗ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ርቃ፣ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው። ጄኔሬተሩ አንድ ሰዓት ተኩል ንቅንቅ ሳይል ሠራ። እንግዲያው ፓምፑ ደህና ነው፤ ካርቡራቶሩም ደህና ነው። ችግሩ ከታንከሩ እስከ ጄኔሬተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው።

መኪናዋ ሥር ገብቼ ቱቦውን በባትሪ መብራት እያየሁ በጣቴ ዳሰስኩት። ከታንከሩ አጠገብ፣ ቱቦውን በሚያጠብቀው ፋሼታ ሥር፣ ጎማው ደርቆ እንደ ምስጥ የበላው እንጨት ተሰነጣጥቋል። ግን ጠብታ ቤንዚን እንኳ አልወጣም። ነገሩ ግራ የሚያጋባው ለዚህ ነው። ፓምፑ ያለው ጄኔሬተሩ ጋ ስለሆነ በዚያ ቱቦ ነዳጁ ይሳባል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ስንጥቁ ነዳጅ አያፈስም፤ አየር ያስገባል። ሲግል ጎማው ይለሰልስና ስንጥቁ ይሰፋል፣ አየሩም ይበዛል። ቱቦውንና ፋሼታዎቹን በአዲስ ቀየርኩ። አበቃ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ ጠፍቶ አያውቅም። መኪናችሁ ዓመታት ከቆጠረች፣ በተለይ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ይህን ቱቦ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት።

ነዳጅ ካነሳን አይቀር፣ በብዙ ሞተርሆሞች ላይ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የሚስብበት ቱቦ የታንከሩን ወለል አይነካም። ሩብ ታንክ አካባቢ ሲቀር መሳብ ያቆማል። ይህ ሆን ተብሎ ነው፤ ጄኔሬተሩ ነዳጁን ጨርሶ መንገድ ላይ እንዳያስቀራችሁ። ስለዚህ ጌጁ ከሩብ በታች ሆኖ ጄኔሬተሩ ከጠፋ መጀመሪያ ነዳጅ ሙሉ።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ። እንደ ባለ 4000 ዋቱ ያለ የቤንዚን ጄኔሬተር ዘይት 1 ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። ከመኪና ሞተር ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ፍጥነቱ ግን ብዙ ነው፤ 60 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በደቂቃ 1800 ወይም 3600 ጊዜ እየዞረ ነው፤ 50 ኸርዝ ከሆነ 1500 ወይም 3000። ያን ያህል እየዞረ፣ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ፣ ይህችን ትንሽ ዘይት ይዞ ነው የሚሠራው። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ ይቀየራል፤ ከዚያ ወዲህ በየ150 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው። የየሞዴሉ ልክ ስለሚለያይ የራሳችሁን መመሪያ እዩ። አቧራና ሙቀት ከበዛ ቀድማችሁ ቀይሩ። ብዙ ያልሠራ ቢሆንም ዓመቱ ከደረሰ ይቀየር። የቆመ ዘይት ውስጥ እርጥበትና አሲድ ይጠራቀማል።

ዘይት ሲጎድል መጥፎ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሲበዛ ያለውን ጉዳት ግን እኔ በራሴ ላይ ደርሶ ነው ያየሁት። አንድ ጋራዥ ዘይቱን ቀይረው ሲያስረክቡኝ አምኜ ሄድኩ። ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ ዙሪያውን ሸፈነው። የአየር ፊልትሮውን ስከፍት በዘይት ርሷል። ለካ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ እያለች ነው ለክተው የሞሉት። የበዛው ዘይት ሞተሩ ሲዞር አረፋ ሆኖ በመተንፈሻው በኩል ወደ ፊልትሮው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ማንም ይቀይረው ማን፣ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ደቂቃ ጠብቄ፣ በመለኪያው ዘንግ ራሴ አያለሁ። ዳገት ላይ ስታርፉም ይህን አስቡ። መኪናዋ በጣም ካዘነበለች ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ሞተሩ ይጎዳል፤ ወይም መጠበቂያው ያጠፋዋል።

የአየር ፊልትሮና ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ብዙ ማውራት አያስፈልጋቸውም። ፊልትሮው በቆሸሸ ቁጥር ይቀየር። ካንዴላው በመመሪያው ሰዓት ይቀየር፤ ስታወጡት ግን ጫፉን እዩት። ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። እርጥብና ዘይታም ከሆነ ዘይት እየገባ ነው።

ይልቅ ሰው የማያየው ነገር አለ፤ አይጥ። ቆሞ የከረመ ጄኔሬተር ለአይጥ ምቹ ቤት ነው። አብዛኞቹ የቤንዚን ጄኔሬተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። ማቀዝቀዣ አየሩ የሚያልፍበት መንገድ በሣርና በጨርቅ ቁርጥራጭ ከተዘጋ ሞተሩ ይግላል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። አንድ ጊዜ ሽፋኑን ሳነሳ የተቦጫጨቀ ስፖንጅና ደረቅ ሣር ተከምሮ፣ አንዱ ሽቦም ተበልቶ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ከረጅም ቁም በኋላ ሽፋኑን ሳልከፍት አላስነሳም። ሲቆሽሽ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ውኃ አትጠቡት፤ ውኃው ኤሌክትሪኩ ውስጥ ይገባል። ብሩሽና ጨርቅ ይበቃል።

ማስነሻውን ስትጫኑ «ቀጭ» ብሎ ብቻ ዝም ካለ ሞተሪኖው ተቃጠለ ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ የባትሪውን ጫፎችና ማሳውን እዩ። ማሳ ማለት ከጄኔሬተሩ አካል ወደ ሻሲው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ነው። መኪና ሥር ስለሆነ ጭቃና ውኃ ያገኘዋል፤ ከውጭ ደህና መስሎ ከሥሩ ይዝጋል። ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። የኔን ሁለት ጊዜ ያስነሳው ይህ ብቻ ነው። ሞተሪኖውንም ከ10 ሰከንድ በላይ በተከታታይ አታዙሩ፤ ይቃጠላል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነዳጁ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ በኦናን ጄኔሬተሮች ላይ ማጥፊያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ፓምፑን ብቻ ያሠራዋል፤ ነዳጁ ከደረሰ በኋላ ታስነሳላችሁ።

የማጥፊያው መብራት ብልጭ ድርግም ሲልም ቁጠሩት። በነዚሁ የቤንዚን ጄኔሬተሮች ላይ 2 ጊዜ ብልጭ ካለ የዘይት ግፊት አንሷል ማለት ነው፤ 4 ጊዜ ከሆነ ሞተሪኖው ብዙ ዞሮ ሞተሩ አልተነሳም። 3 ጊዜ ከሆነ ማጥፊያውን አንዴ ስትጫኑ ባለሁለት አኃዝ ቁጥር በብልጭታ ይነግራችኋል። 36 ከሆነ ሞተሩ ሳይታዘዝ በራሱ ጠፍቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ነዳጅ ነው።

ሞተሩ እየሠራ መብራት ከሌለስ? ጄኔሬተሩ አካል ላይ ያለውን ብሬከር፣ ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውን፣ እዩ። እኔ ቤት ውስጥ ያለውን ሰሌዳ ስፈታና ስገጥም ቆይቼ፣ ባለቤቴ ናት ወርዳ «ይሄ ወድቋል እኮ» ብላ ያነሳችው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ግማሽ ደቂቃ ያህል ታገሡ። ኃይሉን ወደ ቤቱ የሚያስተላልፈው ማብሪያ ሆን ብሎ ይዘገያል፤ ሞተሩ ያለጭነት እንዲረጋጋ ነው።

ጭነትን በተመለከተ ሒሳቡን በቃላችሁ ያዙት። 1000 ዋት የሚል ማይክሮዌቭ ከመስመሩ የሚስበው 1500 ዋት አካባቢ ነው። ኤሲው ሲሠራ 1500 ዋት ቢወስድም በሚነሳበት ቅጽበት ከዚያ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሲውን አስነሱ፤ ከተረጋጋ በኋላ ሌላውን አብሩ። ከፍታም ያዳክመዋል። ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 በመቶ ኃይል ይቀንሳል። 2000 ሜትር ላይ ባለ 4000 ዋቱ ከ3000 ብዙም የማይበልጥ ይሆናል። ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ ጭነቱን በሙሉ አጥፉና 3 ደቂቃ ያህል ባዶውን ይዙር፤ እንዲበርድ ነው። የናፍጣ ጄኔሬተር ያላችሁ ደግሞ በቀላል ጭነት ብቻ ለረጅም ሰዓት አታሠሩት። ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል። የነዳጅ ፊልትሮው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃም አፍስሱ።

ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱብኝ። የጭሱ ጉዳይ ነፍስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚያያዝበት ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥንካሬ ይያያዛል። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ከተኛ ደግሞ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እኛ ጄኔሬተር እየሠራ አንተኛም። ሙቀቱ ምንም ቢሆን። ከማስነሳቴ በፊት ተንበርክኬ ከማርሚታው እስከ ጭስ መውጫው ጫፍ አያለሁ፤ ስንጥቅ ወይም ጥቁር የጭስ ምልክት ካለ አላስነሳም። ጭሱ በግድግዳ ወይም በሌላ መኪና ታግዶ እንዳይመለስ አረጋግጣለሁ። በጭስ መውጫው በኩል ያለው መስኮት ይዘጋል። ከሥር ደረቅ ሣር ካለ መኪናዋን አነሳለሁ፤ የጋለ ማርሚታ ሣር ያቀጣጥላል። የጋዙ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ዕድሜ አለው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን አይታችሁ ካለፈ ቀይሩት። ቁልፉን ተጭናችሁ «ጢጥ» ማለቱ ድምፁ መሥራቱን እንጂ ጋዙን የሚለየው ክፍል ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም።

መኪናዋን ለብዙ ወር የማቆማት ከሆነ አዲስ ቤንዚን ውስጥ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ኬሚካል እጨምርና ጄኔሬተሩን በጭነት አሠራዋለሁ። ዋናው ነገር ኬሚካሉ ታንከሩ ውስጥ ብቻ ሳይቀር ካርቡራቶሩ ድረስ መድረሱ ነው። ዘይቱንም የምቀይረው ከመቆሟ በፊት ነው፤ ቆሻሻው ዘይት ሞተሩ ውስጥ እንዳይከርም። ባትሪውን እሞላለሁ። ከዚያ ወር በወር እየሄድኩ አስነሳዋለሁ።

አሁን ጄኔሬተሩ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ በገመድ የታሰረች ትንሽ ደብተር አለች። የሰዓት ቆጣሪውን፣ ቀኑን፣ የሠራሁትን እጽፍባታለሁ። ትልቋ ልጄ አሁን ቆጣሪውን የምታነበው እሷ ናት። ባለፈው ወር የጻፈችው እንዲህ ይላል፤ «412 ሰዓት። 2 ሰዓት ከኤሲ ጋር ሠራ። ዘይት ልክ ነው። አይጥ የለም።»